የመዝጋቢዋ ጠረጴዛ

ዛሬ ደሴ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስጠብቅ፣ ነርሷ እያንዳንዱን ታካሚ ከሸኘች በኋላ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ሰው ወደሌለበት የመዝጋቢዋ ጠረጴዛ ሄዳ ካርዱን ራሷ ስትሞላ፣ ከዚያም ተመልሳ ቀጣዩን ስትጠራ አየሁ። ከፊቴ የነበሩት እናት ሲያጉረመርሙ፣ «አብሽሩ እማማ፣ እሷ ከተሰናበተች ወዲህ ሁለቱም ሥራ የእኔ ነው» አለቻቸው። የመዝጋቢዋ ደመወዝ ይከፈል የነበረው ከአሜሪካ በሚመጣ የእርዳታ ገንዘብ ነው።

የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም የሚያዘው ትእዛዝ ዋሽንግተን ላይ የተፈረመው ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኛ ከጥምቀት ማግሥት ላይ ሳለን ነበር። እርዳታው ከዚያ አገር የፌዴራል ወጪ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ እዚህ ግን መቆሙ ወረፋውን እጥፍ አድርጎታል። እንዲህ ያለውን ደመወዝ የራሳችን በጀት ለዓመታት አለመሸከሙ ግን፣ ከዋሽንግተን ይልቅ እኛኑ የሚያስጠይቅ ይመስለኛል።