«ዋስ ሁኚኝ» ያለኝ ወንድሜ

የአክስቴ ልጅ ነው፤ እኔ ግን ወንድሜ ነው የምለው። እናቴ ስታርፍ የ9 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እትዬ የምላት አክስቴ ወስዳ አሳደገችኝ። ከእሱ ጋር ከአንድ መሶብ በልተን፣ በአንድ ፍራሽ ተኝተን ነው ያደግነው። ስለዚህ በ2016 ሐምሌ መጨረሻ ቤቴ መጥቶ «ዋስ ሁኚኝ» ሲለኝ የጠየቀኝ ፊርማ ብቻ አልነበረም። እትዬ ያጎረሰችኝ ጉርሻ ሁሉ አብሮት የመጣ መሰለኝ።

የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ የወጥ ቤት ካቢኔ ይሠራል። እጀ ወርቅ ነው። ጣውላውን የሚያስቆርጠው ግን ሌላ ሰው ጋ እየወሰደ ነበር። የራሱን መቁረጫና መላጊያ ማሽን መግዛት ፈለገ። አንድ የብድር ተቋም 300,000 ብር ሊሰጠው ተስማማ። የቀረው ደሞዝተኛ ዋስ ነው። እኔ ከመሥሪያ ቤቴ የደሞዝ ደብዳቤ አጽፌ፣ መታወቂያዬን ይዤ ሄጄ መፈረም ብቻ ነበረብኝ።

ነገሩ ጊዜ የሚሰጥም አልነበረም። የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ነው፤ ገና ሳምንት አልሞላውም። ነጋዴው ሁሉ ዋጋ እየከለሰ ነበር። «እህቴ፣ ይህን ማሽን አሁን ካልገዛሁት ከወር በኋላ አልደርስበትም» አለኝ። እውነቱን ነበር።

«እስቲ እናያለን፤ እግዚአብሔር ያውቃል» አልኩት።

ዋስትና ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። በ2008 ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፈርሜ ነበር። ወረቀቱን ሳላነብ፣ ሻይ እየጠጣን ነው የፈረምኩት። ከዓመት በኋላ ልጅቷ ከአገር ወጣች፤ ቀሪው 27,000 ብር እኔ ላይ ወደቀ። ከ4,600 ብር ደሞዜ ላይ በየወሩ 1,500 ብር፣ ለ18 ወር ተቆረጠ። የመጀመሪያ ልጄን ያረገዝኩት በዚያው ጊዜ ነው። ወተት ለመግዛት ሳንቲም ስቆጥር ስሟ ትዝ ይለኛል፤ ሆዴ ይቃጠላል። ንስሐ አባት የያዝኩት ያን ቂም ይዤ ሄጄ ነው።

አሁን በአንድ በኩል ይህ አለ፣ በሌላ በኩል እትዬ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሥቼ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ ተናገረኝ» አልኩና መጽሐፍ ቅዱሱን ዝም ብዬ ገለጥኩት። ማቴዎስ 5 ወጣ። ዓይኔ 42ኛው ቁጥር ላይ አረፈ። ለሚለምንህ ስጥ፣ ሊበደርህ ከሚፈልግም ፈቀቅ አትበል ይላል። አለቀ፣ መልሴን አገኘሁ አልኩ። ጠዋት ለባለቤቴ በደስታ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ይህን ነገር ለአባ ንገሪያቸው» ብቻ አለኝ።

ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ገባ። በየዓመቱ ለዚህ ጾም ፈቃድ እወስዳለሁ። ጠዋት የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ እንሰማለን፤ ከቀትር በኋላ ቅዳሴ ነው። ነሐሴ 8 ቀን፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አባን ደጀ ሰላሙ አጠገብ አገኘኋቸው። የወጣልኝን ጥቅስ ነገርኳቸው። ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ ነበር።

«ቁጥሩ ስለ ምን ይናገራል?» አሉኝ።

«ስለ መስጠት፣ ስለ ማበደር።»

«ስለ ዋስ የሚል ቃል አለበት?»

«የለም አባ።»

«ካለሽ ላይ ስጪ ነው ያለሽ፤ ገና በእጅሽ ያልገባውን ቃል ግቢ አላለሽም። ከዚያው ምዕራፍ አምስት ቁጥር ወደ ላይ ሂጂና አንብቢው።»

እዚያው ቆሜ በስልኬ ከፈትኩት። ቁጥር 37 ነው። ቃላችሁ አዎን አዎን፣ ወይም አይደለም አይደለም ይሁን ይላል።

«ልጁ ከጠየቀሽ ስንት ቀን ሆነው?»

«አስራ አንድ ቀን።»

«ታዲያ አስራ አንድ ቀን ሙሉ አዎን ነሽ ወይስ አይደለም?»

መልስ አልነበረኝም። ነጠላዬን ጫፉን ይዤ ቆምኩ። «እስቲ እናያለን» ትሕትና ትመስለኝ ነበር። ለካስ እምቢ ማለት ሲያቅተኝ የምደበቅባት ናት፤ የእግዚአብሔርን ስም ደግሞ መሸፈኛ አድርጌባታለሁ። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል።

አባ ፈርሚ ወይም አትፈርሚ አላሉኝም። እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር። «መጽሐፍ ቅዱስ ዕጣ አይደለም ልጄ፤ ገልጠሽ የወጣልሽን ይዘሽ አትሩጪ። ስለ ጉዳዩ የተናገረውን ሁሉ ሰብስበሽ አንብቢ። ከባለቤትሽ ጋር ተቀመጪ። ከዚያ ቃልሽን ስጪ» አሉኝ። የማነባቸውንም ነገሩኝ።

ያነበብኩት ነገር አስደነገጠኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ዋስ ይህን ያህል ይናገራል ብዬ አስቤ አላውቅም። መጽሐፈ ምሳሌ ብቻ በምዕራፍ 6፣ 11፣ 17፣ 20 እና 22 ያነሣዋል። ቃሉም ጠንካራ ነው። ምዕራፍ 6 ዋስ ሆነህ ከተያዝህ ለዓይንህ እንቅልፍ አትስጥ፣ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ እንደምታመልጥ አምልጥ ይላል። ምዕራፍ 22 ደግሞ የምትከፍለው ያጣህ ቀን የተኛህበት ምንጣፍ ሳይቀር ከሥርህ ይወሰዳል ይላል። የ2008ቱን ጊዜ አስታወስኩ። ያን ምንጣፍ አውቀዋለሁ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ መልሴ ቀላል ይሆን ነበር። ግን ሲራክ አለ። በእኛ 81 መጻሕፍት ውስጥ ካሉት አንዱ ነው፤ እኔ ደግሞ ስሙን እንጂ ውስጡን ብዙም አላውቀውም ነበር። ምዕራፍ 29 ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ ይሆናል ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ ዋስትና ብዙ ባለጸጎችን እንዳጠፋ ይናገራል። ሁለቱም አንድ ገጽ ላይ ናቸው። ገንዘብህ ከድንጋይ ሥር ከሚዝግ ለወንድምህ ብለህ እጣው የሚልም እዚያው አለ። እንደ አቅምህ ባልንጀራህን እርዳ፣ አንተም እንዳትወድቅ ግን ተጠንቀቅ የሚልም አለ። ምዕራፍ 8 ላይ ያገኘሁት ግን ከሁሉ በላይ ያዘኝ። ከአቅምህ በላይ ዋስ አትሁን፤ ከሆንህ ግን ራስህ እንደምትከፍል ቁጠረው ይላል። ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። በ2008 እኔ ስፈርም እሷ እንደምትከፍል ነበር የቆጠርኩት።

በመጨረሻ ዘፍጥረትን አነበብኩ። ይሁዳ ለብንያም ዋስ ይሆናል፤ ከእጄ ፈልገው ብሎ ለአባቱ ለያዕቆብ ቃል ይገባል። ምዕራፍ 44 ላይ የቃሉ ቀን ሲደርስ አይሸሽም። ብላቴናው ከወንድሞቹ ጋር ይመለስ፣ በእርሱ ፋንታ እኔ ባሪያ ሆኜ ልቅር ይላል። እዚህ ላይ አለቀስኩ። ዋስ መሆን ኃጢአት አይደለም ማለት ነው። ይሁዳ ግን የሚከፍለውን ያውቅ ነበር፤ የሚከፍለውም በእጁ ነበር፣ ራሱን።

በማግስቱ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ከባለቤቴ ጋር ደብተር ይዘን ተቀመጥን። ሉቃስ 14 ላይ ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥራል ይላል፤ እኛም እንደዚያው አደረግን። የውሉን ቅጂ አስቀድሜ ለምኜ አምጥቻለሁ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ አለበት። ሕግ የሚያውቅ የባለቤቴ ጓደኛ በስልክ አስረዳን። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1933 መሠረት እንዲህ ብሎ የፈረመ ሰው ላይ አበዳሪው ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ በቀጥታ መምጣት ይችላል። በ2008 የፈረምኩት ወረቀት ላይም ይኸው ቃል ነበረበት፤ ያን ጊዜ ለምን ቀድመው እኔ ጋ እንደመጡ የገባኝ አሁን ነው። ሕጉ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ እንዲጻፍም ይፈልጋል። «ለ60,000 ብር ብቻ ዋስ መሆን እችላለሁ?» ብዬ ተቋሙን ጠየቅሁ። አይሆንም፣ ለሙሉው ነው አሉኝ። እኔ ብቻ ወስኜ መፈረም እንደማልችልም ያወቅሁት ያን ሳምንት ነው። በቤተሰብ ሕጉ ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የባልና ሚስት ስምምነት ያስፈልጋል። በ2008 ባለቤቴን አላማከርኩትም ነበር። ያን ማታ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ከዚያ ቁጥሩ። ደሞዜ 11,200 ብር ነው። 300,000 ብር በሦስት ዓመት ሲከፈል፣ ወለዱን ተዪው፣ ዋናው ብቻ በወር ከ8,300 ብር በላይ ይመጣል። ከደሞዜ አንድ ሦስተኛው ቢቆረጥ 3,700 ብር ገደማ ነው። ወንድሜ ቢታመም፣ ሥራው ቢቆም፣ እኔ የምሞላው ጉድጓድ አይደለም። እንደምከፍል ቆጠርኩት፤ አልሞላም። በሌላ በኩል ጳጉሜን ላይ የሚደርሰን የ40,000 ብር ዕቁብ ነበረን። ቤታችን ውስጥ ጎድሎ የቆየ ብዙ ነገር ስለነበር በልባችን በልተነው ጨርሰናል። ባለቤቴ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «35,000ውን እንስጠው። ብድር ሳይሆን ስጦታ» አለ። ሐሳቡ ከእሱ አፍ መውጣቱ ደስ አለኝ። እኔ ብለው ለወገኔ አደላሁ ብዬ እፈራ ነበር።

ስለ ሰላም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ጊዜ «ከእግዚአብሔር ከሆነ ልብሽ ያርፋል» ሲባል እሰማለሁ። የእኔ ልብ አላረፈም። ውሳኔው ትክክል እንደሆነ አውቃለሁ፣ ደግሞም ሆዴ ይላወሳል። እትዬ ትታየኛለች። እስኪረጋጋልኝ ልጠብቅ ብል ኖሮ ሌላ «እስቲ እናያለን» ይሆን ነበር።

ነሐሴ 14 ቀን ሥራ ቦታው ሄድኩ። በስልክ አልነግረውም ብዬ ወስኛለሁ። የአልጋ እግር በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ ነበር። «ዋስ አልሆንህም» አልኩት። ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኩት፣ ከዚያ ስለ ብሩ። እጁን አላቆመም።

«ይህን ለመንገር ነው 17 ቀን ያስጠበቅሽኝ?»

ሌላ አልተናገረም። ከነገሩ ሁሉ ይህ ነው የሚቆጨኝ። እምቢ ማለቴ አይቆጨኝም። ዋጋ በየቀኑ በሚጨምርበት ሰሞን ወንድሜን 17 ቀን አንጠልጥዬዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን «እስከ እሁድ ቁርጡን እነግርሃለሁ፤ አንተም ሌላ ሰው እየጠየቅህ ቆይ» ብለው ኖሮ ምን ነበረበት? አሁን ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ቀን ቆርጬ እነግረዋለሁ። ቀኑ ሲደርስም እደውላለሁ፤ የምሰጠው የሚከፋ መልስ ቢሆንም።

ብሩን መጀመሪያ አልፈልግም አለ። ጳጉሜን 3 ቀን፣ ሩፋኤል ዕለት፣ ባለቤቴ ራሱ ወስዶ ሰጠው፤ ተቀበለው። እትዬ ግን ስልክ ማንሣት ተወች። እንቁጣጣሽ ጠዋት ቤቷ ሄድኩ። እንደ ልማዷ ሳመችኝ፣ ዳቦ ቆረሰችልኝ። ስለ ነገሩ አላነሣችም፤ እስከ ዛሬም አላነሣችም። ድሮ ቡና ስታፈላ አጠገቧ እንድቀመጥ ትጠራኝ ነበር። ያን ቀን አልጠራችኝም። በጥምቀት ግን ጠራችኝ።

ወንድሜ በጥቅምት ሌላ ዋስ አገኘ። አንድ ጓደኛው ነው የፈረመለት። ማሽኑ ተወዶ ነበር፤ የእኛ 35,000 ልዩነቱን ሸፈነች። አሁን ጥሩ እየሠራ ነው፤ ወርሃዊውንም ሳያዛንፍ ይከፍላል። ከዘመዶቼ አንዷ «አየሽ፣ በከንቱ ነው የፈራሽው» ትለኛለች። እሱ በመክፈሉ እግዚአብሔር ይመስገን፤ በየወሩ ከፈልኩ ሲለኝ ደስ ይለኛል። ግን የደብተራችን ቁጥር በዚህ አይለወጥም። ብፈርም ኖሮ የሌለኝን ቃል ገብቼ፣ በእሱ ጤንነት ላይ ልጆቼን አስይዤ ነበር የምኖረው።

ያን የፈረመለትን ሰው አላውቀውም። አንድ ቀን ወንድሜን «የዋስህ የክርስትና ስም ማን ነው?» አልኩት። ገረመው። ጠይቆ ነገረኝ። ሲራክ 29 ላይ የዋስህን ቸርነት አትርሳ፣ ነፍሱን ስለ አንተ ሰጥቷልና የሚል አለ። እኔ ያልተሸከምኩትን የተሸከመው ያ ሰው ነው። ቅዳሴ ስገባ ከእናቴ፣ ከእትዬና ከወንድሜ ስም ቀጥሎ የእሱን እጠራለሁ።