ቢል ይሄዳል፣ ቢል አይሄድም

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ማታ ማታ የሚሠራ ሐበሻ የቅርጫት ኳስ ደጋፊ መሆን ይችላል። ጨዋታ ማየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የከተማችን ቡድን ዊዛርድስ በሜዳው ሲጫወት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በፈረንጆቹ ሰዓት ማታ 7 ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ታክሲ ነጂው ሰው ይጭናል፣ ሆቴል የሚሠራው ሻንጣ ይገፋል፣ እኔ ደግሞ ከቡድኑ ሜዳ ከካፒታል ዋን አሬና ብዙም በማይርቅ ፓርኪንግ ውስጥ የደጋፊውን መኪና አቆማለሁ። ጨዋታው እዚያው አፍንጫዬ ሥር ነው። እኔ የማየው መኪና ነው።

ውጤቱን ግን ሳንጠይቅ እናውቃለን። ሦስተኛው ሩብ ሳያልቅ ሰዉ የፓርኪንግ ቲኬቱን ይዞ ከች ካለ ዊዛርድስ እየተቀጠቀጠ ነው። ካሸር የምትሠራው እህታችንማ ፊታቸውን አይታ በስንት ነጥብ እንደተመሩ ትገምታለች። ብዙ ጊዜም አትስትም።

ታዲያ ጨዋታ ያላየ ሰው ምን ያወራል? ዝውውር ነዋ! ማን ይሄዳል፣ ማን ይመጣል፣ ማን በማን ይለወጣል። ለዚህ ቴሌቪዥን አያስፈልግም። ስልክ፣ ቡናና ደፋር ምላስ ይበቃል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስካይላይን አካባቢ ካለችው ካፌ እንሰበሰብና ወሬውን እንሰልቃለን። ለዓመታት የወሬያችን ባለቤት አንድ ሰው ነበር፤ የዊዛርድሱ ኮከብ ብራድሊ ቢል። (ዓመቶቹንም ሰዓቱንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ቢል በ2012 ድራፍት፣ ማለትም ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ቀን፣ በሦስተኛ ምርጫ ነው ዲሲ የገባው። ከጆን ዎል ጋር ሲጣመሩ ከተማው ተስፋ አደረገ። በ2017 በጥሎ ማለፉ ቦስተንን እስከ ሰባተኛውና መጨረሻው ጨዋታ ወስደውት ነበር። ያኔ ስለ ዝውውር የሚያወራ አልነበረም። ከዚያ ዎል ተጎዳ። ዲሴምበር 2020 ላይ በራስል ዌስትብሩክ ተለውጦ ሂዩስተን ሄደ። ዌስትብሩክም አንድ የውድድር ዘመን ተጫውቶ ወደ ሌከርስ። ቢል ብቻውን ቀረ። የእኛም ወሬ በደንብ የደራው ያኔ ነው።

እኛ ከአገር ቤት ይዘን የመጣነው እግር ኳስ ነው። አርሰናልና ማንቼ እያልን ነው ያደግነው። እዚያ ዝውውር ማለት ገንዘብ ነው። ክለብ ለክለብ ይከፍላል፣ ተጫዋቹም ካልተስማማ አይሄድም። እዚህ ግን ሰው በሰው ይለወጣል፤ ማመጣጠኛ ሲያስፈልግ የድራፍት ምርጫ ይጨመርበታል። ማታ የዋሽንግተን ሰው ሆኖ የተኛ ጠዋት የሂዩስተን ሰው ሆኖ ይነሳል። ውሉም እንዳለ ይከተለዋል። በዲቪ ገና የመጣ አንድ ልጅ ይህን ሲሰማ ስኒውን አስቀመጠ።

«ሳይጠይቁት?»

«ሳይጠይቁት።»

«ቆይ፣ ሚስቱስ? ልጆቹስ?»

«እነሱም ሻንጣቸውን ያዘጋጃሉ።»

ቲቸርን ግን ነገሩ ምንም አልደነቃቸውም። ቲቸር የምንላቸው አገር ቤት ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩ፣ አሁን ታክሲ የሚነዱ ትልቅ ሰው ናቸው። ተመርቀው የሥራ ቦታቸውን ያወቁት በዕጣ ነው። ዕጣው ቆላ ጣላቸው። ዝውውር ቢጠይቁ «በቦታዎ የሚተካ ካላገኙ አይሞከርም» ተባሉ። ስለዚህ ያላቸውን ትርፍ ጊዜ ሁሉ የሚቀያየራቸው መምህር ፍለጋ ላይ አዋሉት። ሰው በሰው ያስጠይቃሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ስብሰባ ላይ የማያውቁትን መምህር ሁሉ «ከየት ነህ?» ይላሉ። በመጨረሻ እጮኛው ቆላው ከተማ የምትኖር አንድ የሒሳብ መምህር ተገኘ። ተፈራርመው ተለዋወጡ።

«እኔ በሰው የተለወጥኩ ሰው ነኝ» ይላሉ ቲቸር። «ለዚያውም ፍትሐዊ አልነበረም። እሱ ከእኔ ያነሰ ልምድ ነበረው። አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ እንኳን አልተጨመረብኝም።»

ደካማ ቡድኖች ለድራፍቱ የመጀመሪያ ምርጫ ዕጣ እንደሚወጣላቸው ስንነግራቸውም ማብራሪያ አልጠየቁም። «ገባኝ፣ ገባኝ» ብለው ቡናቸውን ጠጡ።

የዝውውሩ ሒሳብ ደግሞ የእሳቸው ሙያ ነው። በሊጉ በኤንቢኤ ሕግ መሠረት የሚሄደውና የሚመጣው ደመወዝ መቀራረብ አለበት። ቢል በዓመት ከ43 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያገኝበት ጊዜ ነው። አንድ ወጣት ሹፌር «ከማያሚ ሁለት ወጣት ልጆች እንውሰድና ቢልን እንስጣቸው» ሲል ቲቸር የካፌውን ደረሰኝ ገልብጠው መደመር ይጀምራሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አሃዞቹን ልክ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፉ አንዱን ከአንዱ ሥር እያስተካከሉ።

«አንዱ ሰባት ሚሊዮን፣ አንዱ አራት ሚሊዮን። አሥራ አንድ። ሠላሳ ሁለቱን ከየት ልታመጣ ነው? ዕቁብ ደርሶሃል?»

ግምቱ መቼም ማለቂያ አልነበረውም። የቦስተን ወገን ነን የሚሉት ማስረጃቸው ጄሰን ቴተም ነው። ቴተምና ቢል ሁለቱም የሴንት ሉዊስ ልጆች ናቸው፣ የተማሩትም አንድ ሃይስኩል ነው። ለፈረንጅ ተንታኝ ይህ የጎን ወሬ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ዋናው ማስረጃ እሱ ነበር። የሰፈሩ ልጅ እያለለት ሰው ሌላ የት ይሄዳል? ካፌዋ ውስጥ ከተቀመጥነው ውስጥ ዲሲን ካርታ አይቶ የመረጠ የለም። አንድ የሰፈር ሰው ቀድሞ መጥቶ ነበር፣ ተከተልነው።

ሌላው ደግሞ የ«ውስጥ አዋቂው» ወገን ነው። አንድ ሹፌር አንድ ጊዜ ቁመቱ መኪናው ውስጥ አልገባ ያለ ሰው፣ ስድስት ሻንጣ ይዞ፣ ኤርፖርት አደረስኩ ብሎ መጣ። «አለቀ፣ ቢል ሄዷል» አለ። ፊቱን አይተኸዋል ሲባል ጭምብል አድርጎ ነበር አለ። ቲቸር «ረጅም ሰው ሁሉ ቢል ነው እንዴ ልጄ?» አሉት። በሚቀጥለው ቀን ቢል ዲሲ ውስጥ ተጫወተ። ሹፌሩ ግን አልተሸነፈም፤ «ሻንጣውን አስቀድሞ ልኮ ነው» አለ።

እኔ ቢልን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ ያየሁት ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ነው። ቀኑን ማንም አይረሳውም። ሰዎች የምክር ቤቱን ሕንፃ ካፒቶልን ጥሰው የገቡበት ቀን ነው። ከንቲባዋ ከምሽቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ሰዓት እላፊ አወጀች። አለቃችን ፓርኪንጉን ዘግቶ ወደ ቤት ሰደደን። ባለቤቴ ዜናው ላይ ተተክላለች። ሰዓት እላፊ የሚባል ነገር እዚህም ተከተለን ወይ እያለች ትገረማለች። እኔ ከልጄ ጋር በትንሿ ቴሌቪዥን ዊዛርድስ ፊላደልፊያ ላይ የሚጫወተውን ከፈትን። ቢል ሦስት ሩብ ሳያልቅ 57 ነጥብ አገባ። በ60 ጨረሰ፤ የቡድኑን ሪከርድ ተጋራ። ዊዛርድስ 141 ለ136 ተሸነፈ። ልጄ አፉን ከፍቶ «አባዬ፣ ስድሳ አግብቶም ይሸነፋል?» አለኝ። ምን ልበለው? ወደ ዜናው ተመለስን።

በዚያ ዓመት ቢል በጨዋታ በአማካይ ከ31 ነጥብ በላይ ነበር የሚያገባው። ከስቴፍ ከሪ በቀር የሚበልጠው አልነበረም። አገሩ ሁሉ «ይህን ሰው ከዚያ ቡድን አውጡት» ይል ጀመር። ተንታኙ ያዝንለታል፣ ሌላው ከተማ ይመኘዋል፣ እሱ ግን ልውጣ አላለም።

ከዚያ ጁላይ 2022 መጣ። አምስት ዓመት፣ 251 ሚሊዮን ዶላር። ገንዘቡ አይደለም ያነጋገረን። ውሉ ውስጥ ያለፈቃዱ እንዳይለወጥ የሚከለክል አንቀጽ ገባ። ይህን አንቀጽ ለመጠየቅ ተጫዋቹ በሊጉ ቢያንስ ስምንት ዓመት፣ በዚያው ቡድን ደግሞ አራት ዓመት መቆየት አለበት። ያን ሁሉ አሟልተውም ቡድኖች በቀላሉ አይሰጡትም። በወቅቱ በሊጉ ውስጥ ይህ አንቀጽ ያለው ቢል ብቻ ነበር።

ካፌዋ ለሁለት ተከፈለች። ወጣቶቹ ተናደዱ። ቡድኑ አይረባ፣ እሱን ሸጦ አዲስ ልጆች እንዳያመጣ እጁን ታሰረ፣ ቢል ገንዘቡንም በላ፣ በሩንም ዘጋ አሉ። ቲቸር ሽንጣቸውን ገትረው ለቢል ተከራከሩለት። «ይፈርምለት ያለው ማነው? ሽጉጥ ደግኖባቸዋል? እኔ ያን ወረቀት በዚያን ጊዜ ባገኝ ኖሮ…» ብለው አረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ እጃቸውን አወናጨፉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ጥፋቱ የሰጪው ነው። ቁልፉን ራስህ ሰጥተህ በሩ ተቆለፈብኝ አይባልም። ወጣቶቹ ግን ስለ ውጤቱ ትክክል ነበሩ፤ ይህን መካድ አልችልም።

ጁን 18 ቀን 2023 እሁድ ነበር፤ የአባቶች ቀን። ልጄን ይዤ ካፌ ተቀምጫለሁ። 3 ቁጥር የቢልን ማልያ ለብሷል፤ ከታጠበ ብዛት የቁጥሩ ጠርዝ መላጥ ጀምሯል። የሁላችንም ስልክ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ቢል ወደ ፊኒክስ። በምትኩ የ38 ዓመቱ ክሪስ ፖል፣ ላንድሪ ሻሜት፣ የሁለተኛ ዙር ምርጫዎችና ምርጫ የመለዋወጥ መብት። ቢል የት እንደሚሄድ መምረጥ የሚችለው እሱ ስለነበረ ዋሽንግተን ለመደራደር ጉልበት አልነበረውም። ከኮከቡ አንድ ሙሉ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ እንኳን አላገኘም። ወጣቶቹ «አላልንም?» አሉ። ፖል ደግሞ የዊዛርድስን ማልያ ሳይለብስ ተላልፎ ወደ ጎልደን ስቴት፣ በእሱ ፈንታ ጆርዳን ፑል ወደ እኛ።

ልጄ አላለቀሰም። ማልያውን ወደፊት ሳብ አድርጎ ቁጥሩን አየና «አሁን ይሄ ቲሸርት ቅናሽ ይሆናል፤ ሁለተኛውን እንግዛ» አለኝ። አሜሪካ የተወለደ ልጅ!

ሁሉም ዝውውር ግን የቡና ወሬ ሆኖ አልቀረም። ዲሴምበር 2023 ላይ የቡድኑ ባለቤት ቴድ ሊዮንሲስ ከቨርጂኒያው ገዢ ጋር ቆሞ፣ ዊዛርድስንና የሆኪ ቡድኑን ካፒታልስን አሌክሳንድሪያ፣ ፖቶማክ ያርድ በሚሠራ አዲስ አሬና አስገባለሁ አለ። ቲቸር «ቡድኑ ራሱ ዝውውር ጠየቀ!» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ጨዋታ በሌለበት ምሽት ፓርኪንጋችን ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሺፍት ይቀነሳል፣ መጀመሪያ የሚቀነሰው ደግሞ የማታው ነው። አሌክሳንድሪያ የሚኖሩት ሹፌሮች በበኩላቸው ደስ አላቸው፤ ሥራው ቤታቸው ድረስ ሊመጣ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዝውውር ወሬ ተኮራረፍን። የምር ተኮራረፍን፤ አንዱ ጓደኛዬ ለሁለት እሁድ ሌላ ጠረጴዛ ተቀመጠ። ማርች 2024 ላይ ዕቅዱ ፈረሰ። ከተማው አሬናውን ለማደስ 515 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ ተስማማ፣ ቡድኖቹም ቀሩ። በዚያ ሳምንት ቡና የጋበዝኩት እኔ ነኝ። ዊዛርድስ ያን ዓመት ከ82 ጨዋታ 15 ብቻ ነው ያሸነፈው። ለእኔ ግን መኪናው መጣ፣ በቃኝ።

ከሁሉ የገረመን ግን ማናችንም ያልገመትነው ነው። ፌብሩዋሪ 2025፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ። ከተማው ተኝቷል። እኛ ከሥራ እየወጣን ነው። ሉካ ዶንቺች ወደ ሌከርስ፣ አንተኒ ዴቪስ ወደ ዳላስ። ሉካ ማለት ከስምንት ወር በፊት ዳላስን ለፍጻሜ ያደረሰ የ25 ዓመት ልጅ! ብዙ ሰው ዜናውን ያወጣው ጋዜጠኛ አካውንቱ ተጠልፏል ብሎ ነበር። በዕድሜያችን አንድ ዜና ከቀን ሠራተኛው ቀድመን ሰማን። ቲቸር ግን ስልክ ላይ ተቆጡ። «ወሬው የታለ? አንድ ሳምንት እንኳን ሳይወራ? እንዴት ተደርጎ!» አሉ። ቅር ያላቸው ስለ ሉካ አልነበረም። ለመገመት ዕድል ስላልተሰጣቸው ነው።

ዳላስ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ። በማግስቱ ስደውልለት ድምፁ ተዘግቷል። ደጋፊው የዳላስ አሬና ደጅ፣ የቀድሞው ኮከባቸው የዲርክ ኖቪትስኪ ሐውልት ያለበት፣ የሬሳ ሣጥን አምጥቶ እያለቀሰ ነበር።

«አንተስ የት ነህ?» አልኩት።

«ለቅሶ ደርሼ እየተመለስኩ ነው» አለኝ።

ቲቸር ስልኩን ከእጄ ወስደው «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ» አሉት። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ቀጠሉ፤ «ለመሆኑ ምርጫ ስንት ጨመሩላችሁ?»

«አንድ።»

«አንድ!» አሉ፤ ወደ እኛ ዞረው ጣታቸውን እያሳዩ። «ከእኔ ይሻላል።»