ለአይቱሲም ለኤስፒአይም የሚሆን አንድ ድራይቨር እንዴት እንደጻፍኩ

ፒያሳ ባለው ቢሯችን ለጀማሪዎች የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ስልጠና እሰጣለሁ። ለማሳያ የሚሆን ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉን ከአንድ ዕቃ ጋር የሚያግባባ ኮድ፣ ሲያስፈልገኝ የቦሽ ኩባንያን ቢኤምፒ280 ሴንሰር መረጥኩ። የአየር ግፊትና ሙቀት ይለካል፣ ዋጋው ኪስ አይጎዳም፣ በአይቱሲም (I2C) በኤስፒአይም (SPI) ይሠራል፤ እነዚህ ቺፕና ኮምፒውተር የሚነጋገሩባቸው የሽቦ መስመሮች፣ ማለትም ባሶች፣ ናቸው። ከርነሉ ውስጥ ለዚህ ቺፕ የተዘጋጀ ድራይቨር አለ። እኔ ግን እሱን ሳልከፍት ከባዶ ጽፌ፣ በኋላ ላነጻጽር ፈለግኩ።

ሁለቱ ባሶች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ወንድማማች ይመስላሉ። የሬጅስተር (ቺፑ ውስጥ ያለች ቁጥር የተሰጣት ትንሽ የዳታ ማስቀመጫ) ቁጥር ትልካለህ፣ ዳታ ትቀበላለህ። አይቱሲ በሁለት ሽቦ ይሄዳል፣ ቺፑም አድራሻ አለው፤ ለዚህኛው 118 ወይም 119 ነው። ኤስፒአይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሽቦ ይፈልጋል፣ አድራሻ የለውም፣ ቺፑ በመምረጫ ፒን ይጠራል።

ኮዱን በሦስት ፋይል ከፈልኩት። ዋናው ፋይል ስሌቱንና ካሊብሬሽኑን (የንባብ ማስተካከያውን) ይይዛል፤ ስለ ባስ ምንም አያውቅም። ሁለቱ ትንንሽ ፋይሎች ሬግማፕ አዘጋጅተው ያስረክቡታል። ሬግማፕ ከ2011 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ፤ ሥራውም ይኸው ነው፣ ሬጅስተር ማንበብና መጻፍን ከባሱ መለየት።

«ጋሼ፣ ለምን በአንድ ፋይል አንጨርሰውም?» አለኝ አንድ ሰልጣኝ። ሞክረው አልኩት። የሁለቱን ባሶች መመዝገቢያ ማክሮ (ወደ ረጅም ኮድ የሚዘረጋ አጭር ትእዛዝ) አንድ ላይ ሲያስቀምጥ ኮምፓይለሩ ጮኸበት። ሁለቱም የሞጁሉን መነሻ ፋንክሽን ያውጃሉ፣ አንድ ሞጁል ደግሞ ሁለት መነሻ አይችልም።

ጣጣው ያለው ኤስፒአይ ላይ ነው። ቺፑ የሬጅስተሩን ቁጥር የመጀመሪያ ቢት ለራሱ ይወስዳል፤ 1 ከሆነ ማንበብ፣ 0 ከሆነ መጻፍ። የመለኪያ ሞዱ የሚወሰንበት ሬጅስተር 244 ነው፣ በባይነሪ 11110100። ቢቱ ከመነሻው 1 ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለመጻፍ 01110100፣ ማለትም 116 መላክ አለበት። ሬግማፕ ቢት መጨመር ይችላል፣ ማጥፋት ግን አይችልም። በኤስፒአዩ ፋይል ውስጥ የራሴን የመጻፊያ ፋንክሽን አስገባሁና ቢቱን እዚያው አጠፋሁት። ዋናው ፋይል አሁንም 244 ብሎ ነው የሚጠራው። ኋላ የከርነሉን ድራይቨር ስከፍት እነሱም እዚያው ቦታ ላይ እንደዚያው አድርገዋል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ባሶቹ በደንብ የሚለያዩት ግን ነገር ሲበላሽ ነው። አይቱሲ ላይ ቺፑ ከሌለ «አለሁ» የሚል ስለማይኖር ከርነሉ ወዲያው ስህተት ይመልሳል። ኤስፒአይ እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የለውም። ሽቦውን ሆን ብዬ ነቀልኩት። ንባቡ ያለ ምንም ስህተት አለፈ፤ የመጣው ግን 255፣ 255፣ 255 ብቻ። ስለዚህ መታወቂያ ሬጅስተሩን፣ 208ን፣ አንብቦ 88 መሆኑን ማረጋገጥን በዋናው ፋይል ለሁለቱም ግዴታ አደረግኩት። ለአይቱሲ ትርፍ ይመስላል፣ ይሁን። በዚያ አድራሻ ሌላ ቺፕ ተቀምጦ ሊሆንም ይችላል።

ኮድ የማያድነው ነገርም አለ። የመምረጫ ፒኑ አንዴ ዝቅ ካለ፣ ቺፑ ኃይል ተቋርጦ እስኪመለስ ድረስ አይቱሲን ይዘጋል። ሰልጣኞቹ ሽቦ ሲቀያይሩ ይህ ገጠማቸውና ቦርዱን ደጋግመው ሪስታርት አደረጉት። ሪስታርት ግን ኃይሉን ከቺፑ ላይ አያነሳም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሴንሰሩ «ራሱን ፈወሰ» ብለው ተገረሙ።

በመጨረሻ ሁለት ቺፕ ጎን ለጎን ሰካሁ፣ አንዱን በአይቱሲ፣ ሌላውን በኤስፒአይ። አንዷ ሰልጣኝ 770 አካባቢ ስታይ «ተበላሽቷል፣ 1013 መሆን ነበረበት» አለች። 1013 ሄክቶፓስካል የባሕር ወለል ነው፤ እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በሁለቱ ቺፖች መካከል የአንድ ሄክቶፓስካል ያህል ልዩነት የቺፑ ጠባይ ነው፣ አልጨነቅበትም። አንዱ ብቻ ከራቀ የባሱን ትንሽ ፋይል እከፍታለሁ፤ ሁለቱም አብረው ከሳቱ ስሌቱን።