የአባባ ሸክላዎች

ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ቀለም ልናስቀባ አልጋ ስንጎትት ነው የተገኙት። እማዬ አልጋ ሥር፣ በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ የጣውላ ሳጥን። ልብስ መስሎኝ ነበር። ስከፍተው የዘፈን ሸክላ ነው። ቆጠርኩት፤ 41። ሁለቱ ተሰብረዋል፣ አራቱ ጎብጠዋል። አብዛኞቹ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ ባለ 45 ዙሮች ናቸው፤ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን ብቻ የሚይዙት።

አባባ ካረፈ 19 ዓመቱ ነው። ሸክላ እንደነበረው ሲወራ እሰማ ነበር። ሲጫወቱ ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ማጫወቻው እኔ ሳልወለድ ነው የተሸጠው። «ለወንድምህ ሕክምና ነው የሸጥነው» አለችኝ እማዬ። «ሸክላዎቹን ግን እንቢ አለ። እንቅልፍ አልወስድ ብሎት አደረ።»

መጀመሪያ የያዘኝ የአባባ እጅ ጽሑፍ ነው። በየሽፋኑ ጀርባ በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀን ጽፏል። «ሐምሌ 1963፣ ከደመወዝ»። «ጥር 1965፣ በሁለት ሸክላ የተለወጠ»። በቀን ቅደም ተከተል ምንጣፉ ላይ ደረደርኳቸው። ከ1962 ይጀምሩና 1967 ላይ ቀጥ ይላሉ። ከዚያ ወዲህ አንድም የለም።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ታሪኩን ሳነብ ነው። ሸክላ ማሳተም በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ መብት ነበር። ሙዚቃ አሳታሚው አምሐ እሸቴ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ ይህንን ጥሶ በ1961 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። እዚህ ማተሚያ ስላልነበረ ህንድ ልኮ ነው ያሳተመው። በስድስት ዓመት ገደማ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አውጥቶ በ1967 ከአገር ወጣ። ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የሌሊት ሙዚቃ ደበዘዘ። ቀስ በቀስም ካሴት የሸክላን ቦታ ወሰደ። የአባባ እስክሪብቶ የቆመው እዚያው ላይ ነው። የአገሪቱ ታሪክ እማዬ አልጋ ሥር ተቀምጦ ኖሯል።

አሁን መስማት አለብኝ። የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ያገለገለ ማጫወቻ ይዞልኝ መጣ። የ110 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዛሁ። የመጀመሪያውን ጥላሁን ገሠሠን አስቀመጥኩ። ድምፁ ወፈረ፣ ዘገየ። እኔ የሸክላ ድምፅ እንደዚህ ነው ብዬ ተቀበልኩት፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። እማዬ ከማድ ቤት ወጣች። እጇ ሊጥ እንደያዘ ቆማ አዳመጠች።

«ይሄ ጥላሁን አይደለም» አለች። «ታሞ ነው እንዴ የዘፈነው?»

ሁለት ሳምንት ለፋሁ። መርፌ ቀየርኩ። ሸክላውን የሚያዞረው ችንጋ ረግቦ እንደሆነ ብዬ አዲስ ገጠምኩ። ለውጥ የለም። በመጨረሻ መርካቶ ራዲዮ የሚጠግኑ አንድ አባት ዘንድ ወሰድኩት። ገና ሳይከፍቱት «ከየት ነው የመጣው?» አሉኝ። ከአሜሪካ አልኳቸው።

«በቃ! ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሳይክሉን አይቀይርም።»

የአሜሪካ መብራት በሴኮንድ 60 ሳይክል ነው፣ ማለት 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛ 50። እንዲህ ያለው የድሮ ሞተር የሚዞረው በቮልቱ ልክ ሳይሆን በሳይክሉ ልክ ነው። ስለዚህ 45 መዞር የነበረበት 37 ተኩል ነው የሚዞረው። ጥላሁን የዘገየው ለዚህ ነው። መፍትሔውም ቀላል ሆነ። ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ፑሊ፣ ችንጋው የሚዞርባትን ትንሽ ጎማ፣ ቶርኖ ቤት ወሰድን፤ በአንድ አምስተኛ የሰፋች ሌላ ከነሐስ ቀርጸው ሰጡን። ሸክላው ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፌ በስልኬ ሰዓት ቆጠርኩ። በደቂቃ 45። እማዬን ጠራኋት። አልተናገረችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ያን ቀን ጆሮዋን ማመን ተማርኩ። ሽፋኑ ላይ ያልተጻፈውን ሁሉ እሷ ታውቃለች፣ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለንም።

አጠባውን በተመለከተ፣ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ከሳጥኑ ግርጌ አንድ ወፍራም ባለ 78 ዙር ነበር፤ የአያቴ ነው። እንደሌሎቹ መስሎኝ በአልኮል ወለወልኩት። ፊቱ ደመና ለበሰ፤ ከዚያ ወዲህ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። የድሮዎቹ ወፍራም ሸክላዎች ሼላክ ከሚባል ሙጫ መሰል ነገር ነው የሚሠሩት፣ አልኮል ደግሞ ሼላክን ያሟሟል። እስካሁን ይቆጨኛል። ወፍራም፣ ከባድና ተሰባሪ ከሆነ አልኮል አታስጠጉት።

ለቀሩት ዲስቲልድ ውሃ ገዛሁ። ለባትሪ ከሚሸጠው አሲድ ጋር እንዳይምታታባችሁ። አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሬ፣ በለስላሳ ጨርቅ የመስመሩን አቅጣጫ ተከትዬ አጠብኩ፣ በንጹሕ ውሃ አለቀለቅኩ። መሐል ያለው ወረቀት ውሃ እንዳይነካው መጠንቀቅ ነው። ከዚያ አቁሞ ማድረቅ፣ አቁሞ ማስቀመጥ። የእኛዎቹ የጎበጡት ተጋድመው ስለተነባበሩ ይመስለኛል። እነሱን ለማቃናት አልደፈርኩም።

እሑድ እሑድ ቡና እየተፈላ ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ጀመርን። ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም እቀዳለሁ፣ ሳልነካካ ዋቭ በሚባለው የድምፅ ፋይል አስቀምጣለሁ። ችርችርታውን የማጠፋው በሌላ ቅጂ ላይ ነው፤ ብዙ ሲጸዳ ድምፁም አብሮ ይሄዳል።

በመጀመሪያው እሑድ እማዬ ስታወራ «ዝም በይ፣ እየቀዳሁ ነው» አልኳት። ቅር ብሏት ዝም አለች። ማታ ሳስበው አፈርኩ። ዘፈኑን እንደገና መቅዳት ይቻላል። በሚቀጥለው እሑድ ስልኬን አጠገቧ አስቀመጥኩና እንዳሻት አወራች። የብዙነሽ በቀለን ሸክላ ስናስቀምጥ ፊቷ በራ። ከአባባ ጋር ተጣልተው ሦስት ቀን ሳይነጋገሩ ቆይተው፣ ይህንን ሸክላ ገዝቶ ገባ። አንድም ቃል አልተናገረም፤ አስቀምጦ አጫወተላት። እኔም ሽፋኑን አገላብጬ አየሁ። «ኅዳር 1964» ብቻ ይላል።

ከሳጥኑ ውስጥ አንድ ባዶ ሽፋን አለ። ጀርባው ላይ «ለጎረቤት አውሻለሁ፣ ሚያዝያ 1966» ይላል። እማዬ ወዲያው አወቀች። ሴትየዋ ዛሬ ኮተቤ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ደውላላቸው ረጅም ሰዓት ተጫወቱ። ስለ ሸክላው ግን ምንም አላነሳችም።

«በስልክ አይጠየቅም» አለችኝ። የፊታችን እሑድ ስኳርና ቡና ይዘን እንሄዳለን። ባዶውን ሽፋን ከወዲሁ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች።