ከሪፖርቱ የተቀነሰው ብረት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ለቢሮ እንዲሆን ስናድስ የገጠመኝን ነገር እስከ ዛሬ በጽሑፍ አላሰፈርኩትም። ምክንያቱ ከባድ አይደለም፤ በታሪኩ ውስጥ እኔ የማላምርባቸው ቦታዎች ስላሉ ነው። የባለቤቱን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ከበረንዳው ይለየዋል።

ቤቱ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በከዚራ ከተለመዱት ዓይነት ነው። ግድግዳው ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው በኖራ የተገነባ ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ከአራት ሜትር በላይ የራቀ ሲሆን፣ በምሥራቅና በምዕራብ በኩል በረንዳ፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ትኩስ አየር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ነበሩት። ከእኛ በፊት ያደሰው ባለሙያ ኮርኒሱን ዝቅ አድርጎ በቺፕውድ ሸፈነው፤ ቀዳዳዎቹን በብሎኬት ደፈናቸው፤ የምዕራቡን በረንዳ በአልሙኒየምና በመስታወት ከልሎ ክፍል አደረገው፤ ተዘግቶም ሆነ ተቆልፎ አየር ያሳልፍ የነበረውን ባለ ሽንሽን የእንጨት መዝጊያ ነቅሎ በብረት ፍሬም የመስታወት መስኮት ተካው። ከዚያ በኋላ ከቀትር ወዲህ በዚያ ክፍል የሚቀመጥ ሰው ስለጠፋ ኤሲ ተገዛ፤ አንዱ ስላልቻለ ሁለተኛ ተጨመረ።

እኔ የተጠራሁት ይህንን ቤት ያለ ኤሲ እንዲሠራ አድርጌ እንዳድስ ነበር። ሥራው አዲስ ግኝት አይጠይቅም፤ አብዛኛው የተደፈነውን መክፈት፣ የተከለለውን መግለጥ ነው። ኮርኒሱን ወደ ቦታው መልሰን በላዩ ሙቀት የሚከላከል ፋይበርግላስ አነጠፍን። ቆርቆሮውን ነጭ ቀባነው፤ አዲስ ቆርቆሮ ብርሃን ቢያንጸባርቅም የያዘውን ሙቀት በቀላሉ ስለማይለቅ ይግላል፤ ነጭ ቀለም ግን ብርሃኑንም ይመልሳል፣ ሙቀቱንም ይለቃል። የምዕራቡን መስታወት አፍርሰን በረንዳውን በረንዳ አደረግነው። ከሰሜን በኩል ደግሞ ጥላ ጨመርን። ይህኛውን ኮንትራክተሩ ሲያይ በስህተት የተሣለ መስሎት ደውሎልኝ ነበር፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው መመሪያ ሁሉ ጥላ የሚያዘው ለደቡብ ነውና። ድሬዳዋ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ፣ ማለትም ሙቀቱ በሚከፋባቸው ወራት፣ የቀትር ፀሐይ ዘንበል የምትለው ወደ ሰሜን ነው። (ይህንን ነገር ሰው ፊት ማስረዳት ደስ ይለኛል፤ ይቅርታ።)

የዕቅዱ ልብ ግን ሌሊቱ ነበር። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሌሊቱ ወደ 22 እና 23 ይወርዳል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ይህንን ልዩነት የሚያጠራቅም ዕቃ ነው፤ ሌሊቱን መስኮቱ ተከፍቶ ነፋሱ ድንጋዩን ካቀዘቀዘው፣ ጠዋት መስኮቱ ሲዘጋ ያ ቅዝቃዜ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ክፍሉን ይዞት ይውላል። በዚህ ላይ ቬንትሌተር ሲጨመርበት ሰው ሠርቶ ይውላል። ሠላሳ አራቱም መስኮቶች ሌሊት ካልተከፈቱ ግን ቀሪው ሥራ ሁሉ ግማሽ ነው።

አሁን ወደ ፋይናንስ ኃላፊው ልምጣ። እርሳቸው ብልህ ሰው ናቸው፤ ይህንን የምለው ለወጉ አይደለም። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ካርቦን የሚለውን ቃል በተናገርኩ ቁጥር መነጽራቸውን እያወለቁ ይጠርጉ ነበርና በመጨረሻ እንዲህ አሉኝ፦

«ኢንጂነር፣ የአገራችን መብራት ከውሃ ነው የሚመጣው። ውሃ ደግሞ ጭስ የለውም። ታዲያ ኤሲውን አጥፍተው የሚቀንሱልን ካርቦን የቱ ነው?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከመቶ ዘጠናው በላይ የሚመነጨው ከውሃ ስለሆነ፣ በሌላ አገር በኤሌክትሪክ ቁጠባ የሚገኘው የካርቦን ቅነሳ እዚህ ያን ያህል አይገኝም። መብራት ሲጠፋ ስለሚነሳው ጄኔሬተርና አር 410 ኤ ስለሚባለው የኤሲ ጋዝ፣ እርሱም ሲያመልጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሁለት ሺህ እጥፍ ገደማ እንደሚያሞቅ ነገርኳቸው፤ እርሳቸው ግን መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ «እሺ፣ እሱ ትንሽ ነው» አሉኝ። ያቺ «ትንሽ ነው» ሆቴል ድረስ ተከተለችኝ።

በዚያው ምሽት እድሳቱ የሚቀንሰውን ካርቦን የማሳይበትን የሪፖርቴን አቅጣጫ ወደ ግንባታ ዕቃዎቹ አዞርኩት። እዚህ ማንም ሊከራከረኝ አይችልም ብዬ ነበር። ሲሚንቶ ሲመረት የሚወጣው ካርቦን ከነዳጁ ብቻ አይደለም፤ የኖራ ድንጋዩ ራሱ በምድጃ ውስጥ ሲፈርስ፣ ለእያንዳንዱ ቶን ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ ለሚሆነው ጥሬ ዕቃ) ከግማሽ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። 1 ቶን አልሙኒየም አቅልጦ ለማውጣት 14 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበላል። ስለዚህ አሮጌውን ግድግዳ ማቆየት፣ በሲሚንቶ ፋንታ የኖራ ልስን መጠቀም፣ አዲስ አልሙኒየም አለመግዛት፣ ይህ ሁሉ በኪሎ የሚቆጠር ድል ሆነልኝ። በየሳምንቱ ሠንጠረዡን እየከፈትኩ ሌላ ምን ልቀንስ እንደምችል እፈልግ ጀመር፤ ሰው ልብሱን እያጠበበ ክሳቱን እንደሚለካ ማለት ነው።

በጀቱ ሲጠብ የፋይናንስ ኃላፊው ሌባ የሚከላከሉትን የመስኮት ብረት ፍርግርጎች ብናስቀራቸውስ ብለው ጠየቁ። በተቀነሰው ገንዘብ እንግዳ መቀበያው ላይ የመስታወት ግርዶሽ ሊሠራበት ነበር። በመስታወቱ ተከራከርኩ፤ ስለ ፍርግርጉ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሠላሳ አራት ፍርግርግ፣ እያንዳንዱ 40 ኪሎ ገደማ፣ በድምሩ 1360 ኪሎ ብረት፤ 1 ቶን ብረት ደግሞ በአማካይ ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይመጣል። በአንድ ፊርማ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ ከሠንጠረዤ ላይ ወረደ። ፈረምኩ። ለዚያች መስመር ለብቻዋ አረንጓዴ ቀለም ሰጥቻታለሁ።

ሥራው በመጋቢት ተረከበ። በግንቦት ስልክ ተደወለልኝ፤ ሕንፃው ከበፊቱ የባሰ ይሞቃል፣ ኃላፊውም ከሌላ የበጀት ርዕስ አራት ኤሲ አዘዋል። መጥቼ ስለካው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በክፍሎቹ ውስጥ 34 ዲግሪ አገኘሁ። ያን ጊዜ ያደረግሁት ነገር ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ሳላጣራ ለኮንትራክተሩ ደብዳቤ ጻፍኩ። ፋይበርግላሱ በትክክል ስላልተነጠፈ ሕንፃው የታለመለትን ውጤት ሊሰጥ እንዳልቻለ የሚገልጽ፣ ግልባጩ ለአራት ወገን የሆነ ደብዳቤ ነበር። ኮንትራክተሩ ምንም ሳይመልስ ሁለት አናጺዎችና መሰላል ይዞ መጣ፤ ኮርኒሱን በስድስት ቦታ ከፍቶ አንድ በአንድ አሳየኝ። እንደ አልጋ ልብስ የተዘረጋ ነበር። ከፍቶ ሲጨርስ «ልዝጋው?» አለኝ እንጂ ሌላ አልተናገረም። ባለፈው ዓመት ሰላም ሲለኝም በዚያው ድምፅ ነው።

ከዚያ በኋላ ነበር ማድረግ የነበረብኝን ያደረግሁት፤ በሦስት ክፍሎች ሙቀት የሚመዘግቡ ትንንሽ መሣሪያዎች ለአንድ ሳምንት አስቀመጥኩ። መስመሩን በኮምፒውተር ሳየው ግራ ገባኝ። ሌሊት ውጭው ሲቀዘቅዝ ክፍሉ ከ31 ንቅንቅ አይልም፤ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ የውጭውን ሙቀት እየተከተለ ሽቅብ ይወጣል። ቤቱ የተነደፈውን ነገር በትጋት፣ በየቀኑ፣ ገልብጦ እየሠራው ነበር።

በማግሥቱ አመሻሽ ላይ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት የሌሊት ጥበቃው፣ ሽርጥ ያገለደመ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ሰው፣ መጥቶ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ይዘጋ ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«መስኮት እየዘጋሁ።»

«ሌሊት ክፍት እንዲያድሩ በመመሪያው ተጽፏል እኮ።»

«በየትኛው መመሪያ አቦ?»

በድሬዳዋ አንቱታ ብርቅ መሆኑን የማውቅ ቢሆንም፣ የአዲስ አበባ ጆሮዬ በዚያች ሰዓት ትንሽ ቆጥቆጥ አለው። የሕንፃ አጠቃቀም መመሪያ እንዳዘጋጀሁና ለመሥሪያ ቤቱ እንዳስረከብኩ ነገርኩት። አርባ ስድስት ገጽ መሆኑንና በእንግሊዝኛ መጻፉን አልነገርኩትም። እርሱም ከጠረጴዛው መሳቢያ አንድ ጥግ ጥጉ የተጣጠፈ መዝገብ አውጥቶ ገልጦ አሳየኝ። በየገጹ «መስኮቶች በሙሉ ተዘግተዋል» የሚል መስመር፣ ከጎኑም የእርሱ ፊርማ አለ።

«መመሪያው ይሄውልህ። ዕቃ ሲጠፋ የሚቆረጠው ከኔ ደመወዝ ነው፤ አምና አንድ ኮምፒውተር ጠፍቶ ጓደኛዬ ሰባት ወር ከፍሏል። ያንተ መመሪያ ላይ ማነው የፈረመው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ዕቃ ቢጠፋ ካንተ ይቆረጣል?»

ሳልመልስ ቀረሁ። እርሱ ወደሚቀጥለው መስኮት ሄዶ ባዶውን ክፈፍ በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ ሊወቅሰኝ ሳይሆን የምሩን ሊያውቅ ፈልጎ፣ «ለመሆኑ ብረት የሌለው መስኮት ያሠራው ማነው?» አለኝ።

«በጀት አንሶ ነው» አልኩ።

«አሃ» ብሎ መዝጋቱን ቀጠለ።

ከታሪኩ ሁሉ የምትቆጠቁጠኝ ይህቺ መልስ ናት። ውሸት ናት ማለት አልችልም፤ በጀት አንሶ ነበር። ነገር ግን ፊርማው የእኔ ነው፤ አረንጓዴው ቀለምም የእኔ ነው። ለደብዳቤው አራት ግልባጭ ያበዛሁ ሰው፣ ለአንድ ጥበቃ «እኔ ነኝ» የምትለው ቃል ከበደችኝ። ሁሉንም ዘግቶ ሲጨርስ ፍራሹን በረንዳው ላይ አነጠፈ። ለምን ውስጥ እንደማይተኛ ብጠይቀው ሳቀብኝ፤ «ውስጥማ ማን ይተኛል? ምድጃ ነው» አለኝ።

የጠዋቱ ምሥጢር ለመፈታት አስር ደቂቃ አልፈጀም። የጽዳት ሠራተኛዋ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትገባለች፤ ቤቱ ታፍኖ ስላደረ መስኮቱን ሁሉ ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚዘጋው ስለሌለ እስከ ማታ ተከፍቶ ይውላል። ሁለቱም ሥራቸውን በወጉ እየሠሩ ነበር።

ፍርግርጎቹ ከስድስት ሳምንት በኋላ ገቡ። ዲዛይኔን የተመለከተው ብረት በያጅ «ይሄ ቀጭን ነው፣ ሌባ በጉልበቱ ያጣምመዋል» ብሎ ወፍራም ብረት ስለመረጠ፣ ክብደቱ መጀመሪያ ከሰረዝኩት በሦስት መቶ ኪሎ ያህል በለጠ። አልተከራከርኩም። መመሪያዬን በአማርኛ አሳጥሬ ልጽፍ ጀምሬ ነበር፤ አስተዳደሩ ግን ከእኔ ፈጥኖ በጥበቃው መዝገብ ላይ ያለችውን መስመር «መስኮቶች ተከፍተዋል፣ ፍርግርጎች ተቆልፈዋል» በሚል ቀየራት። ለጽዳት ሠራተኛዋም ከሥራ መግቢያዋ ጀምሮ እንድትዘጋ ተነገራት፤ ስለ ሽታው እስከ ዛሬ ታጉረመርማለች፣ እውነትም አላት። በሚቀጥለው ሰኔ ውጭው 35 ሲሆን ውስጡ 29 ሆኖ ለካሁት። ከአራቱ ኤሲዎች ሁለቱ ተነቅለው መጋዘን ገብተዋል። የፋይናንስ ኃላፊው ክፍል መስኮት ፍርግርግ ቢኖረውም ሌሊት አይከፈትም፤ ኤሲያቸው ጠዋት እርሳቸው ከመግባታቸው በፊት ይበራል። መብራቱ ከውሃ ነው።

የመጨረሻው ሪፖርት ፍርግርጎቹ ከመግባታቸው በፊት ስለተላከ፣ ያ 1360 ኪሎ ብረት እስከ ዛሬ «የተቀነሰ» ተብሎ በአረንጓዴ ሰፍሯል። ሥልጠና እንድሰጥ ስጋበዝ ያንን ሠንጠረዥ አሳያለሁ፤ ሰዎች ስለ ሲሚንቶው፣ ስለ አልሙኒየሙ፣ ስለ ሰሜኑ ጥላም ይጠይቁኛል። ስለ አረንጓዴዋ መስመር የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም፤ እኔም ወደሚቀጥለው ገጽ አልፋለሁ።