ወፍጮው የማን ነው?

በወለድ በሚሠራ ባንክ ውስጥ ወለድ አልባ መስኮት ላይ የሚሠራ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ አይውልም። «ወለድ ካልወሰዳችሁ ደሞዛችሁ ከየት ይመጣል?» ደንበኛ ይጠይቃል። ጥበቃው ይጠይቃል። ሰርግ ቤት ከጎንህ የተቀመጠ ሰው እንጀራውን እየጠቀለለ ይጠይቃል። እናቴ ግን ስለ ደሞዙ ግድ አልነበራትም። «ብቻ ማተብህን እንዳትበጥስ» ነበር ያለችኝ። ማተቤን እንዳሰርኩ ሙራባሃ ስሸጥ ኖርኩ።

መልሱ አጭር ነው። ሙራባሃ ማለት ባንኩ ብር አያበድርም፣ ዕቃ ገዝቶ ይሸጣል ማለት ነው። ደንበኛው ይህን ዕቃ ግዙልኝ ይላል፣ ባንኩ በራሱ ስም ይገዛል፣ ከዚያ የገዛበትን ዋጋና የሚያተርፈውን ገልጾ በዱቤ ይሸጥለታል። በ400,000 ብር የገዛውን በ460,000 ሸጠ እንበል። 60,000ው የነጋዴ ትርፍ ነው። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ። ደንበኛው ቢዘገይም አያድግም። የመዘግየት ቅጣት ቢኖር እንኳ ለበጎ አድራጎት ይውላል እንጂ የባንኩ ገቢ አይሆንም።

ይህን ማብራሪያ ከሁሉ አብዝቶ የሚያጣጥለው የራሳችን ሥራ አስኪያጅ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። በብድር ክፍል ያደገ ነው፣ ብድር ያልሆነ ነገር አይታየውም። «ያው ወለድ አገድ ነው» ይላል። ጎጃሜ ሆኖ ወለድ አገድን የማያውቅ የለም። ገበሬው መሬቱን ያሲዛል፣ አበዳሪው ወለድ አልበላሁም እያለ መሬቱን አርሶ ይበላል፣ ዋናው ብር ሲመለስ መሬቱም ይመለሳል። «እናንተም እንደዚያው ዞራችሁ ትበላላችሁ፤ ልዩነቱ የወረቀቱ ብዛት ነው» ይለኛል። ደንበኛ ፊት ሳይቀር ይላል።

ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ባልተናደድኩ ነበር። የትርፉን ልክ ስናወጣ እኮ አጠገባችን ያለው የብድር ዴስክ ስንት በመቶ እንደሚያስከፍል እያየን ነው። ገበያው አንድ ነው።

ሀጂ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ሞጣ ውስጥ ሱቅ አላቸው፣ አንድ የእህል ወፍጮም አለቻቸው። ያረጀች ናት፤ ድምጿ ከዱቄቷ ይበልጣል። ጤፍ በሚገባበት ወር ሰልፉ እስከ መንገድ ይደርስና ቺንጋዋ ይበጠሳል። ሁለተኛ ወፍጮ ከነሞተሩ ፈለጉ። ገንዘባቸው ለዓመታት ያለ ወለድ እኛ ዘንድ ተቀምጧል። በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የቁጠባ ወለድን መነሻ ከ5 ወደ 7 በመቶ ሲያሳድግ እንኳ ቅር አላላቸውም።

የሚገርመው፣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልጄ፣ ብሩን ስጠኝና እኔው ሄጄ ልግዛው» የሚል ነበር።

«አይሆንም ሀጂ። ብር ሰጥተን ብር ጨምረን ከተቀበልን ወለድ ሆነ።»

«እኔ እኮ ዕቃውን አውቀዋለሁ። መርካቶ ሰው አለኝ።»

«ሰውዎ ዋጋ ያምጡልን። የምንገዛው ግን እኛ ነን። ገዝተን፣ ተረክበን፣ ከዚያ እንሸጥልዎታለን።»

«እናንተ ስለ ወፍጮ ምን ታውቃላችሁ?»

እውነታቸውን ነው። ግን ሕጉ ያ ነው። ሰው የሌለውን ነገር መሸጥ አይችልም። ባንኩ ለማትረፍ መብት የሚያገኘው ዕቃው ለጥቂት ጊዜም ቢሆን በእጁ ገብቶ፣ ቢጠፋ ጠፋብኝ የሚል ባለቤት ሲሆን ነው። ተስማሙ። እገዛለሁ የሚል የቃል ኪዳን ወረቀት ፈረሙ፣ ለቁም ነገራቸው ማስያዣ አስቀመጡ። ሁለተኛው ውል፣ ማለትም ሽያጩ፣ ወፍጮው ሞጣ ደርሶ ታይቶ የሚፈረም ነበር። ባንኩ ከአቅራቢው ገዛ፣ ደረሰኙ በባንኩ ስም ወጣ። ወፍጮው በአይሱዙ ተጫነ።

የአባይን በረሃ በጭነት መኪና ያቋረጠ ያውቀዋል። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ሲወረድ ሾፌር ከፍሬኑ ጋር ይጸልያል። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ሞተሩ ይጸልያል። የኛ መኪና ቁልቁለቱ ላይ አንድ ኩርባ በድንገት ያዘ። ገመዱ ላልቶ ኖሮ ወፍጮው ተንሸራቶ ከጎን ብረቱ ጋር ተላተመ። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን። ሾፌሩ ደጀን ላይ ቆሞ ደወለ። ቺንጋው የሚዞርበት ፑሌጃ ተጣሟል፣ የድንጋዩ ማቀፊያ ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ የተቀረጸው ብረት፣ ተሰንጥቋል።

ሀጂ በዚያ ሰዓት ቅርንጫፉ ውስጥ ነበሩ። ዕቃው ዛሬ ይገባል ስላልናቸው ከማለዳ መጥተው ደንበኛ መቀመጫው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ወደ ቢሮው ጠራቸው። እኔንም ጠራኝ። ፊቱን የኀዘን ቤት ፊት አስመስሎ ጀመረ።

«ሀጂ፣ እንግዲህ የአላህ ሥራ ነው። ወፍጮዎ መንገድ ላይ ተሰብሯል።»

ሀጂ መቁጠሪያውን አቆሙ። «የማን ወፍጮ?»

«የእርስዎ ነዋ። ያዘዙት።»

«ማዘዝ አዝዣለሁ። ገዝቻለሁ እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ እኔን አየኝ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም አየሁ።

«ቃል ኪዳን ፈርመዋል እኮ» አለ።

«እገዛለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። ደህና ወፍጮ እገዛለሁ ብዬ። ይኸው አምጡ፣ እገዛለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ሁለተኛውን ወረቀት ፈርሜያለሁ ወይ?»

«አልፈረሙም ሀጂ።»

«ደረሰኙ በማን ስም ነው?»

«በባንኩ።»

«እንግዲያው» አሉ፣ በጣም በትሕትና፣ «ጌታው፣ እግዜር ያጽናችሁ።»

እኔ ያን ጊዜ ሳቅ ሊያመልጠኝ ሲል ጉንጬን በውስጥ በኩል ነከስኩት። ሀጂ ግን አልቀለዱም። ከልባቸው ነበር ያጽናኑን። ንብረት የወደቀበት ሰው ይጽናና ይባላል፣ ንብረቱ ደግሞ የባንኩ ነው። ሥራ አስኪያጁ ያንን «ያው ወለድ ነው» የሚለውን ንግግሩን አንድም ቀን እንደዚያ ቀን ለማረጋገጥ የጓጓ አይመስለኝም። ወለድ ቢሆን ኖሮ እኮ በተገላገለ! ተበዳሪው ብሩን ወስዶ የገዛው ዕቃ አባይ ውስጥ ቢገባ ባንኩ ምን ገዶት? ቀኑን ቆጥሮ ይጠይቃል።

ሀጂ ለሶላት ሲወጡ በሩ ተዘጋ።

«የሽያጩን ውል አምጣው» አለኝ። «ዕቃው አዲስ አበባ እንደተጫነ እንደተረከቡ አድርገን የትናንትን ቀን እንጽፍበታለን። ይፈርማሉ፤ የዋህ ሰው ናቸው።»

የዋህ! አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በሦስት ጥያቄ ያስቀመጡትን ሰው።

«ቀኑን ከቀየርን ይሄ ሙራባሃ አይደለም» አልኩት። «በዚያ ላይ የዋናው መሥሪያ ቤት የሸሪዓ አማካሪዎች ፋይሉን ያዩታል። ከፈለግክ አሁኑኑ ልደውልላቸው።» እንዳልደውል ነገረኝ። ከዚያ ጥገናው ወፍጮው ዋጋ ላይ ይጨመርና ትርፉ እንዳለ ይሁን አለ። ባለቤቱ በራሱ ዕቃ ላይ የደረሰበትን ጉዳት ለገዢው ማሸከም አይችልም ብዬ መለስኩ። ማስያዣውንስ ብንነካው? ማስያዣው የሚነካው ደንበኛው ያለ ምክንያት አልገዛም ካለ ነው። ሰውየው ደግሞ አምጡልኝ እያሉ ተቀምጠዋል። በመጨረሻ ራሱ ደወለ፣ እዚያም የሰማው ያንኑ ነው።

«ኢንሹራንሱስ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ስልኩን አስቀምጦ።

የመጓጓዣ ኢንሹራንስ በወጪ ሠንጠረዡ ላይ ነበረ። በእስክሪብቶ ተሰርዞበት «አያስፈልግም፣ ወጪ ይቀነስ» ተብሎ በጎኑ ተጽፏል። ማን እንደጻፈው አልናገርም። ፊርማው ፋይሉ ውስጥ አለ፤ ገጹን ከፍቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት፣ ምንም አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ተራ ጭቅጭቅ ነው። አቅራቢው ከመጋዘኔ ደህና ወጥቷል አለ። ሾፌሩ ያሠሩት የናንተ ጫኞች ናቸው አለ። በስተመጨረሻ ወጪው ባንኩ ላይ ወደቀ። ሥራ አስኪያጁ የተሰነጠቀውን በብየዳ አስይዘን እናስረክብ የሚል ሐሳብ ነበረው። ሀጂ ወፍጮው ግቢያችን ሲገባ ተቀምጠው ስንጥቁን በጥፍራቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት። «ጊዛ ተበይዶ ስንት ቀን ይቆማል?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም። አዲስ ማቀፊያ ከአዲስ አበባ መጣ፣ ፑሌጃውም ተቀየረ፣ ድንጋዩ ተወቅሮ ጤፍ ተፈጨበት። ሀጂ ዱቄቱን በሁለት ጣታቸው አሽተው አዩና ያን ጊዜ ፈረሙ። መጀመሪያ በተባለው ዋጋ።

ከዚያ ሥራ ባንኩ ስንት እንዳተረፈ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ይህን ለማውራት ያበቃኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እኔ በሞኝነቴ አሁን ሁሉም ሰው ነገሩ ይገባዋል ብዬ ነበር። ትርፉ ከየት እንደሚመጣ ከአባይ በረሃ የበለጠ ማስረጃ የለማ! ባንኩ የተማረው ሌላ ትምህርት ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ አዲስ ቅጽ መጣ። ርክክብ ከአሁን በኋላ አቅራቢው መጋዘን በር ላይ ይሆናል። ደንበኛው ወይም ወኪሉ እዚያው ተገኝቶ ይፈርማል። ባንኩ ይገዛል፣ ይረከባል፣ እዚያው ቆሞ ይሸጣል። ባለቤትነቱ ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ያህል ነው የሚቆየው። አማካሪዎቹ አይተውታል፣ ችግር የለበትም ተብሏል። ርክክብ እስካለ ድረስ ርክክብ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቅጹን ሲያሳየኝ ፊቱ በርቶ ነበር። «ምን አልኩህ?» አለኝ። ቅድም ያልኩትን ልድገመው፣ ሙሉ በሙሉ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ባልተናደድኩ።

ብሔራዊ ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. መስኮቶቹ እንዲከፈቱ ሲፈቅድ ገንዘባቸው ከወለዱ ገንዘብ ጋር እንዳይቀላቀል አጥብቆ አስጠንቅቋል። መዝገቡ በእርግጥ ተለይቷል። የሰውን ሐሳብ መለየት ግን በመመሪያ የሚሆን አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆኑት ዘምዘምና ሂጅራ ብቅ ሲሉ ሥራ አስኪያጁ «ሀጂ ወደዚያ ቢሄዱልን» ብሎ ሲመኝ ሰምቼዋለሁ።

ሌላም የምቆጭበት ነገር አለ። ሰለም የሚባል ውል አለ። ባንኩ ለገበሬው ዋጋውን ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ ይከፍልና እህሉን በተቆረጠ መጠን፣ ጥራትና ቀን ይረከባል። ለምሥራቅ ጎጃም ጤፍ የተሰፋ ይመስላል። በኛ ቅርንጫፍ ስሙ ከማሠልጠኛ ወረቀት ላይ ወርዶ አያውቅም። ወፍጮ የሰበረው ባንክ በረዶና አንበጣ ሊጋራ?

ሀጂ የትም አልሄዱም። በዓመቱ ለኑግ ዘይት መጭመቂያ ተመልሰው መጡ። አዲሱን ቅጽ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው መስመር በመስመር አነበቡት፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። የርክክቡ ቦታ የተጻፈበት ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉበት።

«ልጄ፣ እንግዲህ አባይን የሚሻገረው የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ሀጂ።»

«የእኔ ከሆነማ ከትርፉ ላይ ቀንሱልኛ። አደጋውን እኔ ወስጄ ዋጋው እንደ ድሮው ነው እንዴ?»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይዤያቸው ገባሁ። ሻይ አዘዝኩና ወጣሁ። ከበሩ ውጪ ሆኜ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ አብዛኛው የሀጂ ነበር። ሲወጡ የተቀነሰው ቁጥር በቀይ ተጽፎ በአጠገቡ ተፈርሞበታል። ስንት እንደሆነ ለሌላ ደንበኛ እንዳልነግር ስለተነገረኝ እዚህም አልጽፈውም።