አምስት ወር ከአደራ ቡችሎች ጋር

የጀመርኩት ሰኔ ላይ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የጎዳና ውሾችን የምንረዳ ጥቂት የሰፈር ልጆች ነን። ቢሮ የለንም። ያለን አንድ የቴሌግራም ግሩፕና የየራሳችን ቤት ነው። አንዱ ያገኘውን ቡችላ ሌላው ይወስድና ቋሚ ባለቤት እስኪገኝ ያሳድገዋል። እኛ «አደራ» ነው የምንለው።

የእኔ የመጀመሪያ አደራ ሦስት ቡችሎች ነበሩ። እናታቸውን መኪና ገጭቷት ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀሩ። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ ከዘነበ ደቻቱ በድንገት ይሞላል። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ክረምት ሲገባ እዚያ አሸዋ ላይ ነፍስ ያለው ነገር ትቶ አያድርም። በዚያው ማታ ካርቶን ውስጥ አድርገን በባጃጅ አመጣናቸው።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት በወተት ነው። የላም ወተት አሙቄ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ሦስቱንም ተቅማጥ ያዛቸው። ለካ የውሻ ወተት ስብና ፕሮቲኑ ይበዛል፤ የላም ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ደግሞ የቡችላ ሆድ በደንብ አይፈጨውም። ጥርሳቸው ብቅ ብቅ ብሎ ስለነበር የእንስሳት ሐኪሙ ሩዝና የተፈጨ ሥጋ ቀቅዬ፣ አላልቼ እንድሰጣቸው ነገረኝ። ጨው የለ፣ በርበሬ የለ፣ በተለይ ደግሞ ሽንኩርት የለ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይጀመርም! ከልጅነቴ ጀምሮ ለውሻ የደፋሁት የወጥ ትራፊ ሁሉ ትዝ አለኝና በጣም አዘንኩ።

ሐምሌ ላይ ጥቁሩ ምግብ እምቢ አለ። ማታውን አስመለሰው፤ ጠዋት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ መጣ። ሽታው እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ፓርቮ የሚባለው የውሻ ቫይረስ ነበር። ሁለቱን ወዲያው ለይቼ ሌላ ክፍል አስገባኋቸውና ተረፉ። ጥቁሩ ግን በሦስተኛው ቀን እጄ ላይ ሞተ።

ያመጣሁበት እኔ ነኝ ብዬ አምናለሁ። ክትባታቸው ሳይጀመር የታመመ ውሻ ስረዳ ውዬ በዚያው ጫማ ቤት ገባሁ። ቫይረሱ በጫማ ይገባል፤ አፈር ላይና ወለል ላይ ለወራት ይቆያል። ተራ ሳሙና አይገድለውም፣ በረኪና ነው የሚገድለው። አሁን ጫማዬ ከበር አያልፍም። አዲስ የመጣ ቡችላ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆያል። ክትባቱም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜው ተጀምሮ፣ በየሦስት አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንቱ ይዘልቃል።

ጎረቤታችን እማማ ሙስሊም ናቸው። የውሻ ምራቅ ከነካቸው መታጠብ ስላለባቸው ቡችሎቹን አይነኩም። ግን በዚያ ሙቀት በየቀኑ በአጥሩ በኩል «ልጄ፣ ውሃ ጠጡ?» ይሉኛል። የተቆረጠ ጄሪካን ውሃ ሞልተው በአጥሩ ሥር ገፋ ያደርጉልኛል። ጥቁሩ የሞተ ቀን «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አሉኝ። ለውሻ ብሎ ያጽናናኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። እኔን አንዱ ውሻ ሲነክሰኝ ቧንቧው ደርቆ ነበር። ወንድሜ ከጄሪካን እያፈሰሰልኝ ታጠብኩ። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ክትባቱን እስከ መጨረሻው ጨረስኩ።

ቀዩ ቡችላ መስከረም ላይ ሳቢያን ሰፈር ሄደ። ግቢያቸውን አይቼ፣ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት እንደማያስሩት አረጋግጬ ነው የሰጠሁት። ባጃጁ ውስጥ ስመለስ ግን አለቀስኩ።

ሴቷ እስካሁን እኔ ጋ ናት። የሚመጣው ሰው ሁሉ «ወንድ የለም? ሴት ትወልዳለች» ይላል። እንደምናስመክናት ብነግራቸውም አይሰሙም። ባለፈው እሑድ ግን ከቀፊራ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ መሬት ላይ ተቀምጦ እጁን አስሸተታትና «ምንድን ነው የምትበላው?» አለኝ። ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩለት። መጀመሪያው መስመር ላይ «ሽንኩርት ያለበት ነገር በፍጹም» ይላል። ቅዳሜ ሊወስዷት ይመጣሉ።